ልጅቷ ባቡሩ ላይ ለምን አልወጣችም?

(ድሬዳዋ ውስጥ በተዘጋጀ የንባብ ምሽት ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ሲገለበጥ ብዙም አልነካካሁትም።)

አሰላሙ አለይኩም። አከም ኦልተን። እንደምን አመሻችሁ።

ከሁሉ በፊት የበርጫውን ሰዓት ሰውታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። አትሳቁ፣ የምሬን ነው! ድሬ ላይ በዘጠኝ ሰዓት «ኑ ስለ ልብወለድ እናውራ» ብሎ ሰው መጥራት ድፍረት ይጠይቃል። አዘጋጆቹ የአገሩን ጠባይ ያውቃሉ፤ ወደ አስራ አንድ ተኩል ገፉት። ፀሐይዋም በረድ ብላለች፣ ሰዉም መርቅኗል። ከዚህ የተሻለ አድማጭ ከየት ይመጣል?

ፊት ወንበር ላይ የምድር ባቡር አባቶችን አያለሁ። እንኳን ደህና መጣችሁ። እናንተን ሳይ ትንሽ ደንገጥ ብያለሁ። ዛሬ ባቡር አነሳለሁ፤ አንድ ጣቢያ ብዘል ከተቀመጣችሁበት ተነስታችሁ እንደምታርሙኝ አውቃለሁ። የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ፤ እርማቱን ከቤቴ ለምጄዋለሁ። አባቴ ፈረንሳይኛ የሚናገረው ሲናደድ ብቻ ነበር። እኛ ልጆቹ ቋንቋውን የተማርነው በስድብ በኩል ነው።

እንግዲህ ስለ መጽሐፍሽ ተናገሪ ተባልኩ። ስለ ሁሉም አልናገርም። ደራሲ ስለ ራሱ መጽሐፍ ብዙ ሲያወራ እኔም ይሰለቸኛል። አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ መጥቻለሁ። መጽሐፉ ከወጣ ጀምሮ የትም ብሄድ የሚከተለኝ ጥያቄ ነው። ባጃጅ ውስጥ ጠይቀውኛል። ለቅሶ ቤት ጠይቀውኛል። ጥያቄው ይህ ነው፦ ልጅቷ ባቡሩ ላይ ለምን አልወጣችም?

ላላነበባችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ምህረት የምትባል የድሬ ልጅ ናት። ታሪኩ በ1983 ዓ.ም. ሲጀምር አስራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ በ1998 ሲያልቅ ሃያ ስምንት ሞልቷታል። አባቷ የለም። እናቷ እትዬ አሰገደች የጅቡቲ ነጋዴ ናት። ነጋዴ የምለው በአክብሮት ነው፤ መንግሥት ኮንትሮባንዲስት ነበር የሚላት። ምህረት ጓደኛ አለቻት፣ ኢፍራህ የምትባል ጎረቤት። የምትወደው ሰው አለ፣ ሰለሞን። ሰለሞን ማነው? ፊናንስ ነው። አዎ፣ ባቡር ላይ ወጥቶ ኮንትሮባንድ የሚፈትሸው ፊናንስ! መጨረሻ ላይ ሰለሞን ሥራውን ለቆ ጅቡቲ ወደብ ትራንዚት ቤት ይቀጠራል። «ነይ» ይላታል። ቲኬት ቆርጦ ይልክላታል። ምህረት ቲኬቱን ይዛ ጣቢያ ድረስ ትሄዳለች። ባቡሩ ይሄዳል። እሷ ትቀራለች።

እና ሰው ተናደደብኝ። «አቦ ምን ነክቷት ነው!» ያለኝ የሳቢያን ሰፈር ልጅ አለ። አንዲት አንባቢ ደግሞ፣ የተማረች ሴት ናት፣ «ራሷን እንድታውቅ ይህን ሁሉ ገጽ አንከራተትሻት፣ መጨረሻ ላይ ቀፊራ ገበያ ቀበርሻት» አለችኝ። ረቂቁን ያነበበ አንድ አርታኢም ቢሆን «ትሂድ፣ መስኮት ላይ ሆና ከተማዋን ወደኋላ ትይ፣ እዚያ ላይ ጨርሺው» ብሎኝ ነበር። የሚያምር መጨረሻ ነው። አልካድኩም።

ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛው ስለ ባቡሩ ነው፣ ሁለተኛው ስለ ልጁ፣ ሦስተኛው ስለ እናትየው። ኢፍራህ መሃል መሃል ትገባለች፤ ሳይጠሯት መግባት ልማዷ ነው።

አንደኛ፣ ባቡሩ።

ይህችን ከተማ ባቡር እንደወለዳት ለእናንተ መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ግን ከኋላ የተቀመጡት ወጣቶች ስላሉ ልበለው። ሐዲዱ መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ እኛ 1,200 ገደማ ላይ ነን። ያንን ተራራ በሐዲድ መውጣት ገንዘብ የሚጨርስ ሆነ። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ቀረ። ባቡሩ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ኩባንያው ገንዘብ አለቀበትና ሥራው ለዓመታት እዚሁ ተገተረ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። አስቡት፣ ሥራው በተገተረበት ዘመን ሁሉ የሐዲዱ መጨረሻ እኛ ነበርን። ከጅቡቲ የመጣ ሁሉ እዚህ ይወርዳል። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ዓረቡ፣ ህንዱ። የከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ያደጋችሁ ይህን ታውቁታላችሁ።

ታዲያ ልብወለድ ውስጥ ባቡር ከገባ አንባቢ ወዲያው መሄድን ያስባል። መለያየት፣ መሀረብ ማውለብለብ፣ አዲስ ሕይወት። እኔም አንባቢ ሆኜ እንደዚያ ነው የማስበው። ግን ምህረትን እዩዋት። እናቷ ባቡር ላይ ያወጣቻት በአስራ ሦስት ዓመቷ ነው። ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ። አንዳንዴ ጅቡቲ ድረስ። ስትሄድ ብዙውን ጊዜ ባዶዋን፣ ስትመለስ ለብሳ። ምን ለብሳ? አምስት ሺቲ፣ ያንን ስስ የሴት ቀሚስ! አንዱ ባንዱ ላይ። ከላይ ሰፊ ቀሚስ፣ ጭንቅላቷ ላይ ሦስት ሻሽ። በድሬ ሙቀት! በአይሻ ሙቀት!

ይህንን ከሐሳቤ አላመጣሁትም። ልጅ ሆኜ ከእኛ ቤት አጥር የምትጋራ ሴት ነበረች። ስሟ ይቆየኝ፣ ልጆቿ እዚህ ከተማ አሉ። ባቡር በገባ ማታ እኛ ሕፃናቱ ተሰብስበን በመስኮት እናያታለን። መሃል ወለል ላይ ቆማ ታወልቃለች። አንዱን፣ ሌላውን፣ ሌላውን። እኛ ጮክ ብለን እንቆጥራለን። ጨዋታ ነበር ለእኛ። ሴትየዋም ትስቅ ነበር። ስታወልቅ ስታወልቅ እየቀጠነች ትሄዳለች። መጨረሻ ላይ የራሷ ቀሚስ ብቻ ሲቀር የኩታዬ ያህል የሳሳች ሴት ትወጣለች። ወገቧ ላይ ላስቲኩ የጠለፈበት ቦታ ቀልቶ ይታያል፣ ልክ እንደ ታሰረ ሰው። ከዚያ ሺቲዎቹን አንድ በአንድ ታሸታቸዋለች። ላብ የነካው ዋጋው ይወርዳል። እሱን በውኃ ነካ ነካ አድርጋ ገመድ ላይ ታሰጣዋለች፤ ሌላውን አጣጥፋ ታስቀምጣለች። በነጋታው ቀፊራ።

ከአዲስ አበባ የሚመጣው ገዢ ያንን ሺቲ በርካሽ ገዝቶ ሻንጣው ሥር ይደብቅና አዋሽ ኬላ ላይ ልቡ ድው ድው እያለ ያልፍ ነበር። ስለ አዋሽ ኬላ የሚተርክ ሰው ሞልቷል። ስለዚያች ሴት ወገብ የተረከ ግን ብዙ አላየሁም።

እዚህ ላይ ትንሽ ወጣ ልበል። መጀመሪያ የታተመው የአማርኛ ልብወለድ የአፈወርቅ ገብረኢየሱስ ነው፤ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ታተመ። እዚያ ውስጥ ያለችው ልጅ ጦቢያ ናት። ጦቢያ ከቤት ወጥታ መንገድ የሄደችው እንዴት ሆና ነው? የወንድ ልብስ ለብሳ። የአማርኛ ልብወለድ ገና ከመጀመሪያው ሴት ልጅን መንገድ ሲያወጣት በራሷ ልብስ አላወጣትም። እኔ ያንን እያሰብኩ ነበር ምህረትን የጻፍኳት። የእኔዋም በራሷ ልብስ አትሄድም። የምትሸጠውን ለብሳ ነው የምትሄደው።

እንግዲህ ንገሩኝ። ከአስራ ሦስት ዓመቷ ጀምሮ ሰው እያለበሰ ባቡር ላይ ለሚጭናት ልጅ፣ ባቡር ላይ መውጣት ነፃነት ነው? ለእኔና ለእናንተ ሊሆን ይችላል። ለእሷ ሥራ ነው። የሰኞ ሥራ።

ሁለተኛ፣ ልጁ።

ሰለሞንን ብዙ ሰው ወዶታል። እኔም እወደዋለሁ። ቀሽም ሰው አድርጌ ልጽፈው አልፈለግኩም። ቆንጆ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ደሞዙ አይበቃውም፣ እናቱን ይጦራል። አንድ ቀን ሽንሌ ሳይደርሱ ፉርጎው ውስጥ ይገባል። ወንበሩን በዱላ መታ መታ ያደርጋል። ምህረት ጋ ይደርሳል። አስራ ሰባት ዓመቷ ነው። አንገቷ ላይ ላቡ ይወርዳል። ሰለሞን ያያታል። ምን እንደለበሰች ያውቃል፤ ዓይን ያለው ሁሉ ያውቃል። «ሙቀት ነው፣ ውኃ ጠጪ» ይላታል። ያልፋል።

በቃ። ይህ ነው የፍቅራቸው መጀመሪያ። ምህረት ስንት ሌሊት ያንን አረፍተ ነገር ስትገለብጠው ታድራለች። አዘነላት? ወደዳት? ደክሞት ነበር? ያለፈው እሷን ነው ወይስ ሺቲዎቹን?

እናትየው ግን አታሰላስልም። እትዬ አሰገደች በሦስተኛው ጉዞ ነገሩ ገብቷታል። ከዚያ ወዲያ ምህረትን የምታስቀምጣት ሰለሞን የሚፈትሽበት ፉርጎ ውስጥ ነው። ምንም አትልም። «እዚህ ነፋስ አለ፣ እዚህ ተቀመጪ» ትላታለች። አሁን ይህችን እናት ምን ትሏታላችሁ? ልጇን ሸጠች ትላላችሁ? አልሸጠችም። ያለችበትን ወንበር ብቻ ቀየረች።

ደግሞ ሰለሞን ጉቦ አይቀበልም። እዚህ ጋ ልቆይ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም መጽሐፉ ውስጥ ከምኮራባቸው ነገሮች አንዱ ነው። ጉቦ ቢቀበል ለምህረት ይሻላት ነበር። ጉቦ ይከፈላል፣ ያልቃል። ማንም የማንም ዕዳ የለበትም። ሰለሞን ግን ምንም አይቀበልም። ዝም ብሎ ያሳልፋታል። በየጉዞው ዕዳው ይከመራል። በምን ትከፍለዋለች? ፈገግ በማለት? እሱ አልጠየቃትም። ግን ያልተጠየቀ ዕዳ ይቀላል ያለው ማነው? ከመካከላችሁ ውለታ የዋለለትን ሰው ሲያይ መንገድ የሚቀይር የለም? አለ። እጅ አታውጡ፣ አውቃችኋለሁ።

ስለዚህ ምህረት ሰለሞንን ወደደችው ወይስ ፈለገችው? አንባቢዎች ቁርጥ ያለ መልስ ይፈልጋሉ። ሁለቱም ነው። ለመለየት አንድ መንገድ ብቻ ነበራት፦ ሺቲ መልበስ ማቆም። የሚያሳልፍላት ነገር ሳይኖራት ይመጣ እንደሆነ ማየት።

አቆመች። እንዴት እንዳቆመች ሦስተኛው ላይ እደርስበታለሁ። ሰለሞንም መጣ። ሲቪል ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ ቤቷ መጣ። ከዚያ ምን እንደሚል ጠፋው! ያን ሁሉ ዓመት የተነጋገሩት ስለ ሙቀትና ስለ ውኃ ነው። አሁን ባቡር የለም፣ ዱላ የለም፣ የሚፈተሽ ነገር የለም። ፊት ለፊት ተቀምጠው ተያዩ። እትዬ አሰገደች ጣፋጩን ሙሸበክ አቀረበችለት። በላ። ጣቱ በዘይት ተለወሰ፣ መጥረጊያ ፈለገ፣ አጣ፣ እጁን እንደ ሕፃን ወደ ላይ ይዞ ተቀመጠ። ምህረት የሳቀችው ያኔ ነው። እኔ እንደምለው ከሆነ የወደደችውም ያኔ ነው። ኢፍራህ ግን አትስማማም፤ «ከዚያ በፊት ወደሽው ነበር፣ ለሂሳብ ብለሽ ነው የዘገየሽው» ትላታለች ሌላ ቦታ።

ስለ ኢፍራህ ካነሳን አንድ ነገር። ምህረት አስራ ስድስት ዓመቷ ሳለ፣ በ1986 ማለት ነው፣ አንድ ባለሱቅ ሽማግሌ ይልካል። ሰውዬው መልካም ሰው ነው፤ ዕድሜው ግን የአባቷ ነው። እትዬ አሰገደች ታመነታለች። ተማሪዎቼ ይህን ሲያነቡ «አስራ ስድስት ዓመት? ሕግ የለም እንዴ!» ይሉኛል። ሕግማ ነበረ። በጊዜው የሚሠራው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ለወንድ አስራ ስምንት፣ ለሴት ደግሞ አስራ አምስት ዓመት ይበቃል ይል ነበር። ባል የቤተሰቡ የበላይ ነው፣ ሚስት ትታዘዘው ይል ነበር። ይህ የተቀየረው በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ነው። ለሁለቱም አስራ ስምንት ሆነ፣ የባል አለቅነትም ቀረ። ክልሎች የየራሳቸውን ሕግ ስለሚያወጡ ያ አዋጅ በቀጥታ የሠራው አዲስ አበባና እኛ ድሬዳዋ ላይ ነው። በ1986 ምህረት «ዕድሜዬ ገና ነው» ብላ የምትከራከርበት መስመር ሕጉ ውስጥ አልነበረም።

ታዲያ ማን አዳናት? ኢፍራህ! ጠበቃ አልቀጠረችም። የባለሱቁ እናት ቤት ሄዳ ሻይ እየጠጣች፣ አዝና፣ «ምህረት ሌሊት ሌሊት በእንቅልፍ ልቧ ትሄዳለች፣ አንዴ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አገኘናት» ብላ አወራች። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው አልመጡም። የሚያስቀው ምህረት ለአንድ ዓመት ያህል ኢፍራህን ማኩረፏ ነው። አትድከሙ፣ ባለሱቁን ፈልጋ አይደለም። ስሟ በመበላሸቱ ነው። በሰፈሩ ስታልፍ ልጆች ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ዘርግተው ይከተሏታል። ከክፉ ያዳነህን ሰው ይቅር ማለት የሚከብድበት ጊዜ አለ፤ የኢፍራህና የምህረት ጓደኝነት ከዚህ ነው የሚነሳው። የታረቁት በእቁብ ነው። ኢፍራህ ምህረትን እቁብ አስገባቻት፣ ዳኛው መዝገቡ ላይ «የአሰገደች ልጅ» ብሎ ሊጽፍ ሲል እስክሪብቶውን ቀምታ በሙሉ ስሟ ጻፈቻት።

ሦስተኛ፣ እናትየው።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ። ይህ ከሁሉ የከበደኝ ክፍል ነው።

ምህረት በአስራ ዘጠኝ ዓመቷ አንድ ጠዋት «እማዬ፣ አልሄድም» ትላለች። ማታውኑ ሺቲዎቹ አልጋው ላይ ተዘርግተው አድረዋል። እንደሚታወቀው አንዳንድ ጊዜ ከዚህም ወደዚያ የሚወሰድ ዕቃ ይኖራል። ባቡሩ ሊወጣ ሰዓት አልቀረም። ይህን ገጽ ስጽፍ እናትየውን አስጮህኳት፣ አላማረኝም። አስለቀስኳት፣ አላማረኝም። «ጡቴን አጥብቼሽ» አስባልኳት፤ የሁሉም ፊልም እናት የምትለውን አለች። እትዬ አሰገደች ግን እንደዚያ አይደለችም። ይህች ሴት ፊናንስ ፊት እንኳን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም።

መጨረሻ ላይ የቀረው እንዲህ ነው። እትዬ አሰገደች ነጠላዋን አወረደች። የመጀመሪያውን ሺቲ አነሳች፣ ለበሰችው። ሁለተኛውን ለበሰችው። ሦስተኛውን። አምሳ ዓመቷ ነው፣ ደም ግፊት አለባት። አራተኛው ትከሻዋ ላይ ያዘባት። እጇ እዚያ ውስጥ እንዳለ፣ ፊቷ በጨርቁ እንደተሸፈነ፣ «ነይ ሳቢልኝ» አለች።

ምህረት ሳበችላት።

ይህንን ያነበበች አንዲት እናት ደውላልኝ «ልጅቷ እንዴት አስቻላት?» አለችኝ። እሱ ነው ጥያቄው! አልሄድም ማለት ቀላል ይመስለናል። ልጅቷ አልሄድም ስትል ሺቲዎቹ ግን ይሄዳሉ። የቤት ኪራዩ ሺቲዎቹ ላይ ነው ያለው። የምህረትን እምቢታ በጀርባዋ የተሸከመችው እናቷ ናት። ምህረት ይህን እያወቀች ጨርቁን ስባ አስተካከለችላት፣ ከኋላ አንገትጌውን አቃናችላት፣ ጣቢያ ድረስም ሸኘቻት። እኔ ስለዚህች ልጅ ምን እንደማውቅ ብትጠይቁኝ ይህን ነው የማውቀው። ጨካኝ ናት የሚል አለ። ልክ ናት የሚል አለ። እኔ ከሁለቱም ጋር ቁጭ ብዬ ሻይ መጠጣት እችላለሁ።

ከዚያ በኋላ ምን ሠራች? የእቁቡ ዕጣ ሲወጣላት የልብስ ስፌት መኪና ገዛች። ቀፊራ ውስጥ ጠበብ ያለች ቦታ ይዛ ሺቲ ማስተካከል ጀመረች። ቀስ ብላ መሸጥም ጀመረች። ከየት ያመጣችውን? ከጅቡቲ። ማን ያመጣላታል? አያችሁ! አንድ ቀን አንዲት ሴት ልጇን ይዛ ሱቋ ትገባለች። ልጅቷ አስራ ሦስት አስራ አራት ቢሆናት ነው። መጋረጃው ጀርባ ትቆምና ማውለቅ ትጀምራለች። አንዱን፣ ሌላውን፣ ሌላውን። ምህረት ትቆጥራለች። ታሸታለች። ላብ ከነካው ላይ ዋጋ ትቀንሳለች።

ብዙ ሰው ይህን ገጽ አልወደደውም። «ጀግናዋን አበላሸሻት» ተብያለሁ። እኔ ግን አንዲት ሴት ራሷን የምታውቀው መስታወት ፊት ቆማ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ምህረት ራሷን ያየችው እዚያ መጋረጃ ጋ ነው። እናቷንም የተረዳቻት እዚያው ነው። ልጅቷን ውኃ አጠጣቻት፣ ሂሳቡን ግን አልጨመረችም። መጨመር ነበረባት? እኔ እንጃ፤ ያን ወር ኪራይ እንዳለባት ግን ጽፌያለሁ።

ስለ ጎርፉ ሁልጊዜ ስለምጠየቅ እዚሁ ልመልሰው። ታሪኩ 1998 ላይ ነው የሚያልቀው። ያ ዓመት ለድሬ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደቻቱ ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። እዚህ አዳራሽ ውስጥም ሰው የሞተባችሁ አላችሁ። «ለምን በሁለት ገጽ አለፍሽው?» ትሉኛላችሁ። እትዬ አሰገደች ደቻቱ ዳር ነው የምትኖረው። ጎርፉ ቢወስድልኝ ኖሮ ለእኔ ይቀለኝ ነበር። ምህረት አልቅሳ፣ ነፃ ሆና፣ ባቡሩ ላይ ትወጣለች። ግን እናንተ ሰው የቀበራችሁበትን ውኃ የእኔን ታሪክ እንዲጨርስልኝ ልላከው? አላደርገውም። እትዬ አሰገደች ያን ሌሊት ኢፍራህ ቤት አድራለች። በሕይወት አለች። ከልጇ ጋር እየተጨቃጨቀች ትኖራለች።

እንግዲህ ወደ ቲኬቱ። ሰለሞን ከጅቡቲ ቲኬቱን በሰው ይልካል። ከቲኬቱ ጋር ደብዳቤ አለ። ደብዳቤው ቆንጆ ነው፤ ቤቱን፣ ባሕሩን፣ ማራገቢያውን ይነግራታል። የሌለው አንድ ነገር ነው። «ትመጫለሽ ወይ?» የሚል የለውም። ሱቁን ምን ታደርጊዋለሽ አላላትም። ቀኑን ራሱ ቆርጦታል። ሰኞ።

ምህረት ጣቢያው ደጃፍ ላይ ቆማ ቲኬቱን ታነባለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ባልወጣችበት ባቡር ላይ አሁንም ሌላ ሰው ሊያወጣት ነው። እናቷ በፍቅር ነበር ያወጣቻት፤ ሰለሞንም በፍቅር ነው። ሁለቱም ሳይጠይቋት።

ታዲያ ቢጠይቃት ኖሮስ? ይህን ደግሞ ባለፈው አንድ ልጅ ጠይቆኛል። ትሄድ ነበር ብዬ አስባለሁ። የስፌት መኪናዋን ፈታ፣ አስጭና፣ እናቷን ለኢፍራህ አደራ ብላ ትሄድ ነበር። ሰለሞን ቲኬቱ መመለሱን ሲሰማ ምን እንዳደረገ አልጻፍኩም። ስልክ ይደውል ይሆናል፣ ይቀየም ይሆናል፣ ራሱ ይመጣ ይሆናል። ከመጣ እጁን የሚጠርግበት ጨርቅ አሁን ቤቱ ውስጥ ሞልቷል።

ሁለተኛ ክፍል ይኖረዋል ወይ ለምትሉ፣ አይኖረውም። ሌላ ነገር እየጻፍኩ ነው፤ እሱ ውስጥ ምንም ባቡር የለም፣ አባቶቼ ይቅርታ።

ሰዓቴን ጨርሻለሁ፣ አዘጋጁ በዓይኑ እየጠቀሰኝ ነው። ሻይ ደርሷል፣ ባጅያም ከኋላ አለ፤ ከጥያቄ በፊት ማንም እንዳይነካ ተብሏል። ማይኩን በሴቶቹ በኩል አስጀምሩልኝ፣ ሁልጊዜ ወንዶቹ ይጨርሱታል። እሺ፣ ከዚያ በፊት ግን ፊት ያሉት አባት እጃቸውን ካነሱ ቆዩ። ጣቢያ ዘለልኩ መሰለኝ። እሺ አባባ፣ ይቀጥሉ።